በጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ «ማሟያ ውሃ» ምንድን ነው?

ወጥ ጥዳችሁ ጎረቤት ጋ ወሬ ይዟችሁ ያውቃል? ስትመለሱ ወጡ መጥጦ ይጠብቃችኋል፤ ልክ የነበረው ጨው አፍ አያስገባም። ጨው የጨመረ ሰው የለም፣ የሄደው ውሃው ነው። ያኔ ማንም ትንሽ ውሃ ጠብ ያደርግበታል እንጂ ጨው ያለበት ውሃ አይደግመውም። ማሟያ ውሃም ይኸው ነው፤ ከጨው ውሃ አኳሪየም በትነት የጎደለውን የሚተካ፣ ጨው የሌለበት ንጹህ ውሃ።

ቀላል ይመስላል። ግን ድሬዳዋ ላይ የጨው ውሃ ዓሣ ለማኖር የሞከረ ሰው በመጀመሪያ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ።

የኔ ገንዳ ትንሽ ናት። 50 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ውሃዋ 40 ሊትር ገደማ፤ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የባህር ዓሦች፣ አንድ ሽሪምፕና ጥቂት ለስላሳ ኮራል (ተክል የሚመስል የባህር እንስሳ) ይኖሩባታል። የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚይዝ እኔ ሳሎን ውስጥ 1,400 ግራም ጨው ሟሙቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህ ጨው አይተንም። ውሃው ብቻ ይተናል። የገንዳችሁን ርዝመት በወርዱ አባዝታችሁ ለ1,000 ብታካፍሉት፣ ውሃው 1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ስንት ሊትር እንደሄደ ታገኛላችሁ። የኔ 1.5 ሊትር ነው። መስታወቱ ላይ ሲታይ ጣት የማይሞላ ነገር ነው፤ «ነገ እሞላዋለሁ» የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ቬንትሌተሩ ቀንና ሌሊት ሲዞር፣ የኔ ገንዳ በቀን አንድ ሴንቲ ሜትር ትጎድላለች። አራት ቀን ዝም ብላት 6 ሊትር ይሄዳል፣ ያው 1,400 ግራም ጨው በ34 ሊትር ውስጥ ይቀራል፣ ጨዋማነቷም ከ35 ወደ 41 ይወጣል። ቀይ ባህር ራሱ 40 አካባቢ ነው። ባለ 400 ሊትር ገንዳ ያለው ሰው ያንኑ 6 ሊትር ቢያጣ ከ35 ወደ 35.5 ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ልዩነቱን ልብ ላይለው ይችላል። ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ቀላል ነው የሚሉት ሰዎች ይህን የሚያነሱት ሲበዛ ከገዛችሁ በኋላ ነው።

ነገሩ ለኛ አገር ባዳ አይደለም። አፋር ውስጥ አፍዴራ ላይ የሀይቁን ጨዋማ ውሃ ወደ ገንዳ ስበው ለፀሐይ ይተዉታል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይታፈሳል። ጅቡቲ ያለው የአሳል ሀይቅ ከባህር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ተኝቶ ከባህር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ የሆነው፣ ውሃ ስለሚገባበትና መውጫው ትነት ብቻ ስለሆነ ነው። የተረሳ አኳሪየም የሚሄደው ወደዚያው ነው።

አሁን ወደ ስህተቴ። ለአሥር ቀን አዲስ አበባ ስሄድ ገንዳዋን ለእህቴ ልጅ አደራ አልኩት። ውሃ ለመቀየር ያዘጋጀሁት የጨው ውሃ በጀሪካን ነበር፤ እሱ በየቀኑ ከዚያ እየቀዳ ይሞላል። በስልክ ስጠይቀው «አቦ አጎቴ፣ መስመሩ ላይ ነው፣ አንድም ቀን አላለፈኝም!» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ መስመሩ ላይ ነበር። ግን በቀን 1.5 ሊትር፣ በአሥር ቀን 15 ሊትር የጨው ውሃ ማለት 525 ግራም ተጨማሪ ጨው ነው። ስመለስ ውሃዋ 48 አካባቢ ነበረች። ሽሪምፑ ሞቷል፣ ኮራሎቹ ተኮማትረዋል፣ ዓሦቹ ጥግ ይዘው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ልጁን መቆጣት አልቻልኩም፤ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ነው፤ ከገንዳው የወጣው ምንድን ነው? ተንኖ ከሆነ የወጣው ውሃ ብቻ ነው፣ የሚተካውም ጨው የሌለው ውሃ ነው። በጎማ ስባችሁ ወይም በጆግ ቀድታችሁ አውጥታችሁት ከሆነ ግን ጨውም አብሮ ወጥቷል፣ በተዘጋጀ የጨው ውሃ ነው የሚተካው። ውሃ መቀየርና ውሃ ማሟላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የባህር ዓሣ በውሃ ውስጥ እየኖረ ይጠማዋል ቢባል ቀልድ ይመስላል፤ እውነት ነው። ዙሪያው ያለው ጨው ከሰውነቱ ውሃ ስለሚስብበት ያለማቋረጥ ይጠጣል፣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። ጨዋማነቱ ሲጨምር ይህ ሥራ ይከብደዋል። ሽሪምፕና የባህር ኮከብ ድንገተኛ ለውጥን ከዓሣም ያነሰ ነው የሚችሉት። በተቃራኒውም አራት ቀን ረስቶ በአምስተኛው ስድስት ሊትር ንጹህ ውሃ በአንዴ መገልበጥ ያው ዱላ ነው። የኔዋን ከ48 ወደ 35 ለመመለስ በቀን ከ1 እስከ 2 እየቀነስኩ ሳምንት አለፈኝ።

ምን ዓይነት ውሃ ነው የሚሞላው? ድሬዳዋ ይህ ጥያቄ ትልቅ ነው። የቧንቧችን ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የማንቆርቆሪያችሁን ሆድ ተመልከቱ፣ ነጩ ቅርፊት ይነግራችኋል። ያ ማዕድንም እንደ ጨው አይተንም። አንድ ሊትር ግማሽ ግራም ቢይዝና በቀን 1.5 ሊትር ብትሞሉ በወር 22 ግራም ባዕድ ነገር ገንዳው ውስጥ ይከማቻል። ማፍላትም መፍትሔ አይሆንም፤ ከኖራው ከፊሉ ይዘቅጣል እንጂ ሌላው ይቀራል፣ የተነነውን ያህልም ይወፍራል። ክሎሪኑም አለ። የሚሻለው በማጣሪያ ማሽን ማዕድኑ የወጣለት ወይም ተንኖ እንፋሎቱ በመቀዝቀዝ የተጣራ ውሃ ነው። የታሸገ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ የላስቲኩን ጽሑፍ አንብቡ፣ የማዕድኑ መጠን ዝቅ ያለውን ምረጡ።

አንድ ወዳጄ ከኤሲው የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ አጠራቅሞ «ይኸው ነጻ የተጣራ ውሃ» ብሎኝ ነበር። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ መሆኑ እውነት ነው። ችግሩ ያ ውሃ የመዳብ ቱቦ ላይ ተንሸራቶ መምጣቱ ነው። መዳብ በትንሹም ቢሆን ሽሪምፕና ኮራል ይገድላል። ወለል ያጥብበት። የባትሪ ውሃም የተጣራ ውሃ ነው፣ ግን ከጋራዥ ሲገዛ አሲድ አለመሆኑን ሁለት ጊዜ ጠይቁ፤ ዕቃው ይመሳሰላል። የጋራዡ ሃይድሮሜትር (ፈሳሽ ከንጹህ ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚለካው) ደግሞ ለኛ አይሆንም፤ ልኬቱ የሚጀምረው ከ1.1 አካባቢ ነው፣ የባህር ውሃ 1.026 ብቻ ነው። ለአኳሪየም የተሠራውን፣ ከተቻለም ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካውን ሪፍራክቶሜትር ያዙ።

ታዲያ ቬንትሌተሩን ለምን አላጠፋውም? ምክንያቱም ትነቱ ጠላት ብቻ አይደለም። ሹፌሮች ጀሪካን በጆንያ ጠቅልለው የሚያረጥቡት፣ የሸክላ እንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ነው፤ የሚተነው ውሃ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ኮራል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል፣ ሳሎኔ ግን 34 ይደርሳል። ደረቁ የድሬ አየር ላይ ቬንትሌተር የውሃውን ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ያወርድልኛል። በመስታወት ብከድናት ትነቱ ይቀንሳል፣ ዓሦቹ ግን ይቀቀላሉ። ቅዝቃዜውን የምገዛው በማሟያ ውሃ ነው።

የምሠራው እንዲህ ነው። መስታወቱ ላይ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ቀጭን ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ጠዋትና ማታ የውሃው ዳር ከፕላስተሩ በታች ስንት እንደወረደ አያለሁ፣ ያንኑ ያህል፣ የክፍሉ ሙቀት ላይ ያለ ውሃ፣ የማጣሪያው ውሃ በሚፈስበት በኩል ቀስ አድርጌ አፈሳለሁ፤ ኮራል ላይ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ ውሃው የሚያርፍበት ከፍታ ሊለወጥ ስለሚችል እስኪመጣ አልነካትም። እንደ ሮቶ ተንሳፋፊ ኳስ ራሱ የሚሞላ መሣሪያም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ኳሱ ሲጣበቅ ሳሎኑንም ገንዳውንም ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ከበስተጀርባው ያለው ባልዲ ከሁለት ቀን በላይ የሚበቃ ውሃ አይኑረው።

ያለ መብራት የሚሠራም አለ፣ የዶሮ ማጠጫ ዘዴ። ጠንካራ ጠርሙስ ሞልታችሁ አፉ መስመሩ ላይ እንዲያርፍ ዘቅዝቃችሁ ታስሩታላችሁ። ውሃው ከአፉ በታች ሲወርድ አየር ቡልቅ ብሎ ይገባል፣ በምትኩ ውሃ ይወርዳል፣ አፉ ሲሸፈን ይቆማል። ባዶ ሃይላንድ ሞክሬ ነበር፤ ስስ ስለሆነ ይጨማደድና ውሃውን በአንዴ ይለቀዋል። ደግሞም ቀን ላይ በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ተስፋፍቶ ውሃ ይገፋል፣ ስለዚህ ፀሐይ የማይነካው ጎን ላይ ነው የሚታሰረው።

ባለፈው ወር ሐረር ሁለት ቀን ሳድር ገንዳዋን ለእህቴ ልጅ እንደገና ተውኩለት። ጨው የሌለበት ጀሪካን ላይ በማርከር «ከዚህ ሙላ» ብዬ ጻፍኩ። የጨው ውሃውን ጀሪካን ደግሞ አልጋ ስር ደበቅኩት።