«ኤፍዲኤ አጽድቆታል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት እንደገና ሲዞር አየሁት። «የአሜሪካው ኤፍዲኤ መድኃኒት በስሪዲ ፕሪንተር መሥራትን ካጸደቀ ዓመታት አልፈዋል፤ የእኛ ፋርማሲዎች ምን ይጠብቃሉ?» ይላል። ኤፍዲኤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሪዲ ፕሪንተር ደግሞ ቁስን ንጣፍ በንጣፍ እየደራረበ ዕቃ የሚሠራ መሣሪያ። የሙያ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ አጋርተውታል። የጸሐፊው ሐሳብ ቀና ነው። ለልጆች በልካቸው የሚሆን መድኃኒት እንደ ልብ አለመገኘቱ ያሳስበዋል፤ እኔንም ያሳስበኛል። ፕሪንተሩ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ ክኒን ያትማል ባይ ነው። የጻፈው ነገር ግን ስሕተት ነው። ኤፍዲኤ እንዲህ ያለ ነገር አላጸደቀም።

ያጸደቀው አንድ ክኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አፕሬሺያ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ስፕሪታም የሚባል መድኃኒት ለገበያ እንዲያቀርብ ተፈቀደለት። በክኒኑ ውስጥ ያለው ሌቬቲራሲታም ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ፣ ያኔም ቢሆን ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለና የታወቀ መድኃኒት። አዲስ የነበረው አሠራሩ ነው። ዱቄቱ ስስ ሆኖ ይነጠፋል፤ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይልበታል፤ የረጠበው ይያያዛል፤ ከላዩ ሌላ ዱቄት ይነጠፋል። እንደ ተራ ክኒን ስላልተጨመቀ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ምላስ ላይ አድርገው ውኃ ፉት ሲሉበት በአማካይ በ11 ሰከንድ ይፈርሳል። ክኒን መዋጥ ለሚቸገር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን መግለጫ እንየው። አስተያየት ሰጪው ይህን አንብቦት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይጽፍም ነበር። ክኒኑ በ250፣ በ500፣ በ750 እና በ1000 ሚሊግራም ነው የጸደቀው። ለአንድ ልጅ ተብሎ የሚታተም ልክ የለም። እንደማንኛውም ክኒን ፋብሪካ ውስጥ በብዛት ይመረታል። ተቆርሶ አይሰጥም። ክብደቱ ከ20 ኪሎ ለማይበልጥ ልጅ ደግሞ በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀው ሌቬቲራሲታም ይታዘዝ ይላል መግለጫው። ስለዚህ «ፕሪንተሩ ለሕፃናት በልካቸው ያትማል» ለሚለው ክርክር ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው መድኃኒት፣ ትንንሾቹን ልጆች ጭራሽ አይመለከትም። (ክኒኑን የሚያገኝ ዘመድ ውጭ አገር ያላችሁ፦ በደረቅ እጅ ይያዝ። እርጥብ ጣት ሲነካው መፍረስ ይጀምራል።)

ማጽደቅ የሚባለውን ነገር ከመኪና ሊብሬ ጋር ባስተያየው ይቀለኛል። ሊብሬ በጥቅሉ ለቪትዝ አይሰጥም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯ ለተጻፈባት ለአንዲት መኪና ነው። ሞተሯ ከተቀየረ ተሂዶ ይመዘገባል። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ዶሴው ውስጥ ንጥረ ነገሩ፣ መጠኑ፣ ፋብሪካው፣ አሠራሩ፣ ማሸጊያው፣ የሚሰጥበት በሽታና መግለጫው አንድ ላይ ይገባሉ፤ የሚጸድቁትም አንድ ላይ ነው። ኩባንያው ፋብሪካ ልቀይር ቢል በራሱ ውሳኔ መቀየር አይችልም። እንዲህ ያለ ከባድ ለውጥ ተመርምሮ እስኪፈቀድ ይጠብቃል። ጋራዥ ውስጥ ቪትዝ የገጣጠመ ሰው የጎረቤቱን ሊብሬ አሳይቶ መንገድ ሊወጣ አይችልም። ሰውየው ፈቃድ ያለው፣ እጁ የተመሰከረለት መካኒክ ሊሆን ይችላል። የእሱ ፈቃድ ግን ለመኪናዋ ሊብሬ አይሆንላትም።

አንድ ሰው «ታዲያ አሠራሩ ሳይታይ ክኒኑ እንዴት ጸደቀ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አሠራሩ ታይቷል። የታየው ግን በዚያ ፋብሪካ፣ በዚያ ዱቄት፣ ለዚያ ክኒን ነው። በዚያው መሣሪያ ሌላ መድኃኒት ልሥራ ያለ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እርጥበት የሚያበላሸው መድኃኒት አለ። ቁሱን አቅልጠው የሚያትሙ ፕሪንተሮችም አሉ፤ ሙቀት የማይችል መድኃኒት እነሱ ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ከላይ ሲያዩት ግን ያማረ ክኒን ነው።

መካኒኩን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ፋርማሲስት ለአንድ ታካሚ ብሎ መድኃኒት መቀመም በአሜሪካም በሕግ የተፈቀደ ነው። በእኛም ሆስፒታሎች የቆዳ ቅባት ይቀመማል። አስፈላጊ ሥራ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ የተቀመመ መድኃኒት በኤፍዲኤ የጸደቀ አይባልም። ታካሚው እጅ ከመግባቱ በፊት ደኅንነቱን፣ ፈዋሽነቱንና ጥራቱን ኤፍዲኤ አልመረመረውምና። የሕግ መሠረቱ የባለሙያው ፈቃድና የሐኪሙ ማዘዣ ነው። ፋርማሲ ውስጥ በፕሪንተር ለአንድ ልጅ የሚሠራ ክኒንም ዛሬ ይበልጥ የሚጠጋው ወደዚህኛው የቅመማ መንገድ ነው። ሁለቱን መንገዶች መደባለቅ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒው ኢንግላንድ ኮምፓውንዲንግ ሴንተር የተባለ ድርጅት የቀመመው የስቴሮይድ መርፌ በፈንገስ ተበከለ። ድርጅቱ በስሙ ቀማሚ ይባል እንጂ እንደ ፋብሪካ በብዛት ሠርቶ ለብዙ ግዛቶች ያከፋፍል ነበር። ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ60 በላይ ሞቱ። በማግስቱ ዓመት ኮንግረሱ የቅመማ ሕጉን ያጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። «በኤፍዲኤ የተመዘገበ» የሚል ጽሑፍ ስታዩም ተጠንቀቁ። አምራቹ ድርጅቱን ማስመዝገቡ ምርቱ ተመርምሮ ጸደቀ ማለት አይደለም። ይህን ኤፍዲኤ ራሱ ደጋግሞ ይናገራል። ሰው ላይ ጥናት እንዲጀመር መፈቀዱም ማጽደቅ አይደለም። በፕሪንተር ስለሚሠሩ ሌሎች መድኃኒቶች ከሚወጡት ዜናዎች ስንቶቹ ይህን የጥናት ፈቃድ «ጸደቀ» ብለው እንደሚያወሩ ስታዩ ታዝናላችሁ።

አንድ አሠራር ራሱን ችሎ ሕግ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ማየት የሚፈልግ እንግሊዝን ይመልከት። እዚያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሥራ ላይ የዋለ ደንብ አለ፤ መድኃኒት በታካሚው አጠገብ ስለማምረት የሚደነግግ። ደንቡ ለፕሪንተር ማኅተም አልመታም። የወሰነው ኃላፊው ማን እንደሆነ ነው። ፈቃድ ያለው አንድ ማዕከል በየሆስፒታሉ የሚመረተውን ይቆጣጠራል፤ የት፣ ምን፣ እንዴት እንደሚሠራ በሰነድ ይይዛል፤ ተቆጣጣሪውም የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው።

እኛ ዘንድ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት መመዝገብ አለበት። አስተያየት ሰጪው «ፕሪንተሩን እናስገባና እንጀምር» ሲል የዘለለው ትልቁ ጉዳይ ግን ምርመራው ነው። ለአንድ ሕፃን የሁለት ሳምንት መድኃኒት፣ በቀን አንድ፣ 14 ክኒን ታተመ እንበል። ክኒኖቹ በክብደት እኩል ናቸው። ክብደት ግን ስለ መድኃኒቱ መጠን እርግጠኛ አያደርግም። አንዱ ውስጥ 3፣ ሌላው ውስጥ 7 ሚሊግራም ሊኖር ይችላል። ይህን ለማወቅ የተለመደው የፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መለኪያዎች የሚደነገጉበት መጽሐፍ) ምርመራ 10 ክኒን ወስዶ፣ አሟሙቶ እያንዳንዱን መለካት ነው። ከ14ቱ 10ሩ ምርመራ ላይ ካለቁ ለሕፃኑ የሚቀረው 4 ነው። ፋብሪካ ከመቶ ሺዎች መሐል 10 ቢያጣ አይጎዳም፤ ለአንድ ልጅ የሚያትም ፋርማሲ ግን አይችለውም። ክኒኑን ሳይሰብሩ በብርሃን የሚለኩ ዘዴዎች እየተሞከሩ ያሉት ለዚህ ነው። እነሱም ለእያንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻ መረጋገጥ አለባቸው። ሙግቱ እዚህ ላይ ቢሆን እኔም ገብቼ እሟገት ነበር። መሣሪያውን ማን ይገዛል? ማን ይፈትሻል? ክኒኑ ልክ ካልሆነ ተጠያቂው ማን ነው?

ለጊዜው፣ ሌቬቲራሲታም የታዘዘለት ትንሽ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ፈሳሹን ጠይቁ። ከጠፋ ክኒን በግምት ከመቁረሳችሁ በፊት ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን አነጋግሩ። መድኃኒቱን በድንገት አታቋርጡ፤ በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል። ከማለቁ ቀናት አስቀድማችሁ መፈለግ ጀምሩ።