ፎርሙላ መኪና ሁሉ ፎርሙላ ዋን አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎማ በሁለት ሰከንድ ሲቀየር፣ ሻምፓኝ ሲረጭ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ስለ ፎርሙላ መኪና (ባለ አንድ መቀመጫ፣ ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ የሆኑ የውድድር መኪና) ያለው ግምት ከዚያው የተቀዳ ነው። እኔ የማውቀው ሌላውን ወገን ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ገብተው ቅዳሜና እሁድ በራሳቸው ገንዘብ የሚሽቀዳደሙትን። ጥቂት የውድድር ዘመናት ለጓደኛዬ ቁልፍ እያቀበልኩ፣ ጎማ እያንከባለልኩ አሳልፌያለሁ። እንደ እውነት ደጋግመው የሚነገሩንን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ፎርሙላ ማለት ፎርሙላ ዋን ነው።»

ፎርሙላ ማለት ደንብ ማለት ነው። ሞተሩ ስንት ሲሲ ይሁን፣ ክብደቱ ከስንት አይነስ፣ ጎማው የቱ ይሁን የሚል ደንብ። ፎርሙላ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ ውስጥ ብራንድስ ሃች በሚባለው የውድድር ትራክ ላይ ሲጀመር መሠረቱ ተራ የቤት መኪና ሞተር ነበር፤ መኪናውን በአየር ኃይል ወደ መሬት የሚጫን ክንፍም የለው። ፎርሙላ ቪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ከቮልስ የተወለደ ነው። አዎ፣ ከዚያችው ከኤሊዋ ቮልስ! 1200 ሲሲ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የፊት እግሩ፣ ከበሮ ፍሬኑ ሳይቀር የእሷ ነው። ጉልበቱ 60 ፈረስ ገደማ ነው ስንል የሚስቅ አይጠፋም። ኤመርሰን ፊቲፓልዲ፣ ኒኪ ላውዳና ኬኬ ሮዝበርግ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ከመሆናቸው በፊት ፎርሙላ ቪ ላይ ተቀምጠው ነበር ስንለው ግን ሳቁን ያቆማል።

«ጠንካራ ሞተር ያለው ያሸንፋል፤ ፍሬን ያዘገየም ይቀድማል።»

ሁለቱም አንድ ላይ ይነሳሉና አንድ ላይ ልመልስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በአንድ ፎርሙላ ውስጥ ሞተሮቹ ተቀራራቢ ናቸው። ልዩነቱ ያለው መኪናው ከኩርባ ሲወጣ በያዘው ፍጥነት ላይ ነው። ደካማ ሞተር ያጣውን ፍጥነት ቶሎ አይመልስም፤ ኩርባው መውጫ ላይ የተጣለች ትንሽ ፍጥነት እስከ ቀጥታው መንገድ መጨረሻ ድረስ ትከተልሃለች። ጀማሪ ግን ጀግንነቱን የሚያሳየው ፍሬን በማዘግየት ነው። ኩርባው ውስጥ በኃይል ይገባል፣ መኪናው ወደ ውጭ ይገፋበታል፣ እስኪያስተካክለው ድረስ ቤንዚን መስጠት አይችልም። ከኋላው የነበረው ሰው ቀደም ብሎ ፍሬን ይዞ፣ ቀደም ብሎም ቤንዚን ሰጥቶ በአጠገቡ ያልፋል።

ጎማ መሬት የሚጨብጥበት አቅም አንድ ነው፤ ለፍሬንም ለመታጠፍም የሚካፈለው ያው አቅም ነው። ፍሬኑ ሁሉንም ከወሰደው ለመሪው የሚቀር የለም። ሌላው ወጥመድ ኩርባ መሃል ላይ ደንግጦ እግርን ከቤንዚን ላይ ማንሳት ነው። በደመ ነፍስ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ይቀልላል፣ መኪናውም ፊቱን ወደ መጣበት ያዞራል። ጓደኛዬ ይህን በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ ተምሮታል።

በነገራችን ላይ፣ ክንፍ በሌላቸው መኪኖች የመጨረሻውን ዙር መምራትም ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ ቦታ አይደለም። የፊተኛው አየሩን እየሰነጠቀ ለኋለኛው መንገድ ይከፍትለታል፤ ቀጥታው ረጅም ከሆነ ኋለኛው በዚያ ክፍተት ተስቦ የመጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስ ቀድሞት ይገኛል። ሆን ብለው ሁለተኛ ሆነው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

«ዝናብ ሲሆን ያው መንገድ በቀስታ ይነዳል።»

መንገዱም ይቀየራል። በደረቁ ሁሉም የሚነዳበት መስመር የጎማ ላስቲክና ዘይት የተለሰነበት ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ስለዚህ በዝናብ ብዙዎቹ በደረቅ ማንም ወደማይሄድበት ወደ ኩርባው የውጭ ጠርዝ ወጥተው ይዞራሉ። ከአጥር ዳር ለሚያይ ሰው መንገድ የጠፋባቸው ይመስላል።

«ሥራው መንዳት ነው።»

ውድድሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው ቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው። የጎማ ነፋስ መለካት፣ የዳዶ ጥብቀት መፈተሽ፣ ቤንዚን መሙላት፣ ለቴክኒክ ፍተሻ መሰለፍ፣ መመዘን። (በብዙ ፎርሙላዎች መኪናው የሚመዘነው ሹፌሩ ውስጡ ተቀምጦ ነው፤ ቀጭኑ ሰው የደንቡ ክብደት እንዲሞላ የእርሳስ ብረት ተጭኖበት ስለሚነዳ ቅጥነቱ የሚመስለውን ያህል አያተርፍለትም።)

አንድ ብሎን ከጠበቀ በኋላ ከራሱ እስከሚያርፍበት ብረት ድረስ ቀጭን የቀለም መስመር ይሰመርበታል። መስመሩ ከተቆረጠ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ልምምዱ እንዳለቀ ጓደኛዬ «ወደ ግራ ስታጠፍ ደስ አላለኝም» ብሎ ብቻ ወረደ። በባትሪ ስፈልግ ቆይቼ የኋላ እግሩ ላይ ቢጫዋ መስመር የጥፍር ውፍረት ያህል ተላቃ አገኘኋት። ቁልፍ ሳስገባ ግማሽ ዙር ወሰደ። ያን ቀን ምንም አልሆነም። ለእኔ የውድድር ዘመኑ ትልቁ ድል ግን ያ ነበር፤ ዋንጫ ባይሰጥበትም።

«ተፎካካሪ ጠላት ነው።»

ትራኩ ላይ አዎ። መኪኖቹ በሚሰናዱበት ግቢ ውስጥ ግን አንዱ ፍሪሲዮኑ ሲሄድበት መለዋወጫ የሚያውሰው ከሰዓት በኋላ ሊበልጠው የሚፈልገው ሰው ነው። ደግነት ብቻ አይደለም። አራት መኪና ብቻ የተሰለፈበት ውድድር ለማንም አይጥምም፤ ነገ ደግሞ ተራው የማን እንደሚሆን አይታወቅም።

«እነዚህ ሰዎች ሞት ፈላጊዎች ናቸው።»

አደጋው የለም አልልም። ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ ስለሆኑ፣ የኋለኛው የፊት ጎማ የፊተኛውን የኋላ ጎማ ከነካ መኪናውን ወደ ላይ ሊወረውረው ይችላል። ለዚህም ነው ጎን ለጎን ሲሄዱ ቦታ የማይሰጥ ሰው የሚጠላው። እሳት የሚቋቋም ልብስ፣ ባለ ስድስት ማሰሪያ ቀበቶ፣ ከራስ በላይ የሚቆም የብረት ቅስት ሁሉ ግዴታ ነው። በግጭት ጊዜ አንገትን የሚያድነው ሃንስ የሚባለው መያዣ ፎርሙላ ዋን ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ግዴታ ሆነ፤ ዛሬ ብዙ የአማተር ክለቦችም ያለ እሱ አያስገቡም።

በየኩርባው የቆሙት ባንዲራ ያዦች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቢጫ፦ አደጋ አለ፣ መቅደም ክልክል ነው። ሰማያዊ፦ ፈጣን መኪና ከኋላህ ነው። ቢጫና ቀይ ሸንተረር፦ መንገዱ ያንሸራትታል። ጥቁር ላይ ብርቱካናማ ክብ ከመኪናህ ቁጥር ጋር ሲወጣ ደግሞ አንተ ያላየኸው ብልሽት አለብህና ግባ ማለት ነው። ሹፌሩ የማያየውን የሚያዩለት እነሱ ናቸው፤ ምስጋናው ግን ብዙ ጊዜ ለሹፌሩ ይሄዳል።

«ከሠላሳ ዓመት በላይ አይሞከርም።»

ተዋናዩ ፖል ኒውማን መወዳደር የጀመረው ከአርባ ዓመቱ በኋላ ነው። የአሜሪካን አማተር ብሔራዊ ሻምፒዮና አራት ጊዜ ወስዷል፤ የመጨረሻውን እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ61 ዓመቱ። መኪኖቹ ፎርሙላ አልነበሩም፣ ነገሩ ግን ያው ነው።

«ዋናው ወጪ መኪናው ነው።»

ደንቡ ቶሎ ቶሎ የማይቀየርበት ፎርሙላ ውስጥ ያገለገለ መኪና ገዝቶ፣ ከዓመታት በኋላ ከተገዛበት ብዙም ባልራቀ ዋጋ መሸጥ ይቻላል። ኪስ የሚያራቁተው ጎማው፣ መመዝገቢያው፣ መጓጓዣውና የሚሰበረው ነው። የገንዘብ ሽልማት አብዛኛውን ጊዜ የለም። እሁድ ማታ መኪናው ተሳቢው ላይ ታስሮ፣ እጃችን ቅባት እንደሆነ፣ ካርቶን ቁራጭ ላይ ለሚቀጥለው ውድድር የሚገዛውን እንጽፋለን። ኩሽኔታ አንድ፣ የፍሬን ሸራ የፊት፣ ቢጫ ቀለም።