ኦራንጉታን፦ የማይቸኩለው የደን ሰው

አማርኛ ለዝንጀሮ ወገን ስም አያጣም። ጦጣ አለን፣ ጉሬዛ አለን፣ ጭላዳ አለን። ሁሉም ግን ባለ ጭራ ናቸው። ጭራ የሌላቸውን ትልልቆቹን አገራችን ውስጥ አይተናቸው ስለማናውቅ ጎሪላም ቺምፓንዚም ከነባዕድ ስማቸው ነው የመጡት። ኦራንጉታንም እንደዚያው። ቃሉ የማላይ ነው፤ «ኦራንግ» ሰው፣ «ሁታን» ደን፣ አንድ ላይ የደን ሰው። እና በቲቪ አይቶት «ዝንጀሮ!» የሚል ካጋጠማችሁ ጭራው የታለ በሉት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቦንቲየስ የሚባል የሆላንድ ሐኪም እንደጻፈው ደግሞ የጃቫ ደሴት ሰዎች «መናገር ይችላል፤ ዝም ያለው ሥራ እንዳያዙት ብሎ ነው» ይሉ ነበር። ብልጥ ነው ማለት ነው።

በዱር የሚገኘው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ሁለት ደሴቶች ላይ ብቻ ነው፤ ቦርኒዮና ሱማትራ። ዝርያው ሦስት ነው። የቦርኒዮው፣ የሱማትራው፣ ሦስተኛው ደግሞ እዚያው ሱማትራ ባታንግ ቶሩ ደን ውስጥ ያለው የታፓኑሊው። ይሄኛው ራሱን የቻለ ዝርያ ነው የተባለው ገና በ2017 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ስም ሲወጣለት ቁጥሩ 800 እንኳ አይሞላም ነበር።

ኑሮውን በዛፍ ላይ ካደረገ እንስሳ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ትልቅ ወንድ 90 ኪሎ ይደርሳል፤ ሴቷ ግማሹን ብትመዝን ነው። ክንዱን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ያልፋል። የወንዱ ነገር ግን ይገርማል። አንዳንዱ ጉንጩ ተዘርግቶ ፊቱ ሰፌድ ያክላል፣ ጉሮሮው ስር ከረጢት ይንጠለጠላል። ሌላው ለአቅመ አዳም ደርሶ፣ መውለድም እየቻለ፣ ለዓመታት፣ ሱማትራ ላይ አንዳንዴ ከአሥር ዓመት በላይ፣ ጎረምሳ መስሎ ይቆያል። ባለ ሰፌዱ ሲጮህ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል። ሱማትራ ላይ የተከታተሏቸው ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳተሙት፣ ማታ ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫ ነገ የሚሄድበትን ይናገራል። ማለትም ሲጮህ «ነገ በዚህ በኩል ነኝ» እንደማለት ነው።

እንደ ጭላዳ በመንጋ አይሄድም። ምክንያቱ ሆድ ነው። የሚወደው ፍሬ ነው፤ ዱሪያን የሚባለውን ባለ እሾህ ትልቅ ፍሬና የሾላ ዘመዶችን። ደኑ ግን ንፉግ ነው፣ በተለይ የቦርኒዮ። ዛፎቹ በየጥቂት ዓመቱ ባንዴ አብረው ያፈሩና ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ፣ ያኔ ቅጠልና የዛፍ ቅርፊት እየላጡ መኖር ነው። አንድ ዛፍ ስር መንጋ ይዞ ቢመጣ ለማን ሊደርስ?

ስለዚህ ሁሉ ነገሩ ዝግ ያለ ነው። ሴቷ የመጀመሪያዋን የምትወልደው 15 ዓመት አካባቢ ሲሆናት ነው። ቀጣዩን ለመውለድ 7 እና 8 ዓመት ትጠብቃለች፣ ከአጥቢ እንስሳት እንደ እሷ የሚያዘገይ የለም። ልጁ እስከ 8 ዓመቱ ሊጠባ ይችላል። በነዚህ ዓመታት እናቱ ትምህርት ቤቱ ናት። የትኛው ፍሬ መቼ ይበስላል፣ የማታ ጎጆ ከቅርንጫፍ እንዴት ይሠራል (በየማታው አዲስ ነው የሚሠሩት) ሁሉንም እሷን እያየ ነው የሚይዘው። ሱማትራ ውስጥ ሱዋክ ባሊምቢንግ በሚባል ረግረግ ያሉት ኔሲያ ከሚባል ፍሬ ውስጥ ዘሩን በእንጨት ይጎረጉራሉ፣ ፍሬው ውስጡ የሚለበልብ ጠጉር ስላለው ጣት አይገባበትም። ራኩስ የሚባለው ወንድ የሚኖረውም እዚሁ ነው። በ2022 ከዓይኑ ስር ቆስሎ ሳለ፣ የአካባቢው ሰው ለመድኃኒት የሚጠቀምበትን የሐረግ ቅጠል አኝኮ ጭማቂውን በጣቱ ቁስሉ ላይ ሲቀባ ታየ። ቁስሉ በቀናት ውስጥ ገጠመ። የዱር እንስሳ ቁስሉን በታወቀ መድኃኒት ሲያክም በዓይን ታይቶ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው።

እንዲህ ቀስ ብሎ የሚወልድ እንስሳ ችኩል ሰው መጣበት። ቦርኒዮ ላይ ብቻ ከ1999 እስከ 2015 ከ100,000 በላይ እንደጠፉ ተገምቷል። ሦስቱም ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ተርታ ናቸው። በየዓመቱ ጥቂት እናቶች ቢገደሉ እንኳ የሚተካቸው አይደርስም። ግልገሉን ለመሸጥ የሚፈልግ ደግሞ መጀመሪያ እናቲቱን ነው የሚገድለው፣ በሕይወት እያለች ልጇን አትለቅማ።

ትልቁ ጣጣ ግን የደኑ መመንጠር ነው፤ ለእንጨት፣ ለማዕድን፣ ከሁሉም በላይ ለዘይት ዘንባባ። በሸማቾች ተሰልፈን የምንወስደው፣ ሲበርድ ነጭ ሆኖ የሚረጋው ዘይት የዚህ ዛፍ ነው፣ በብዛት የሚመጣውም ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ። አንግዛው ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዘንባባው ከአንድ ሄክታር የሚሰጠው ዘይት አኩሪ አተርም ሱፍም ከሚሰጡት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ በነሱ ቢተካ ሌላ ቦታ የበለጠ መሬት መታረሱ ነው። ወሳኙ የት ይተከላል የሚለው ይመስለኛል። ለተከላ ተብሎ ረግረግ መሬት ሲደርቅ ደግሞ እሳት ይከተላል፤ በ2015 የኢንዶኔዥያ ጭስ እስከ ሲንጋፖር ነበር የደረሰው።

የሚደክሙለት ሰዎች አሉ። ቢሩቴ ጋልዲካስ የምትባል ተመራማሪ በ1971 ቦርኒዮ ላይ ታንጁንግ ፑቲንግ የሚባል ደን ገብታ ዕድሜዋን ለነሱ ሰጠች። የማሌዥያ ግዛት በሆነችው ሳባ (እሷም ቦርኒዮ ላይ ናት) ሴፒሎክ የሚባል ማዕከል ከ1964 ጀምሮ የሙት ልጆችን ያሳድጋል፣ ዛፍ መውጣት ሳይቀር እያስለመደ። ጥሩ ነው። ግን «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ፤ የሚመለሱበት ደን ከሌለ ያደጉት የት ይሂዱ? ባታንግ ቶሩ፣ ያ 800 የማይሞላው ዝርያ መኖሪያ ላይ፣ የኃይል ማመንጫ ግድብ መሥራት ተጀምሯል።

በ2024 ማሌዥያ ዘይቷን ለሚገዙ አገሮች ኦራንጉታን በስጦታ እሰጣለሁ ብላ ነበር፣ ቻይና በፓንዳ እንደምታደርገው። ጩኸቱ ሲበዛ ሐሳቡ ተቀየረ፤ ገዢዎች ከፈለጉ ለጥበቃው ገንዘብ ያዋጡ፣ እንስሳው ግን ከደኑ አይወጣም ተባለ።