የፑል ስቲክ በአውሮፕላን፦ በእጅ ወይስ በሚጫነው ሻንጣ?

እዚህ ኮዬ ፈጬ ካሉት ፑል ቤቶች የራሱን ስቲክ ይዞ ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ በተገኘ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል፤ አንዱ «ይፈቀዳል» ሲል ሌላው «ይወስዱብሃል» ይላል። የሚያምታታው ሁለት ደንብ መቀላቀሉ ነው።

አንዱ የአየር መንገዱ ነው፤ የሚያየው መጠንና ክብደት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ፣ ርዝመቱ 55 ሴንቲሜትር ነው። ለሁለት የሚፈታ ስቲክ ግማሹ ብቻ 74 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚህ ይበልጣል።

ሌላው የፍተሻው ደንብ ነው፤ ይሄ እንደ አገሩ ይለያያል። የእንግሊዝ መንግሥት ዝርዝር ስቲክን በእጅ መያዝ ይፈቅዳል። አሜሪካ ግን ክልክል ነው፤ ተፈታም አልተፈታም እንደ ዱላ ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ሊፈቀድ ነው ተብሎ ታውጆ ነበር፤ ጁን ላይ ተሰረዘ። ብዙ ሰው የሰማው የመጀመሪያውን ዜና ብቻ ነው።

ለምሳሌ ከቦሌ ዋሽንግተን፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ አትላንታ የሚሄድ ልጅ እንውሰድ። ዋሽንግተን ላይ የተጫነ ሻንጣውን ተቀብሎ መልሶ ያስረክባል፤ ራሱም እንደገና ይፈተሻል። ስቲኩ ቦሌ ቢያልፍለት እንኳ እዚያ ይያዝበታል።

በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ግን በእንግሊዝም በአሜሪካም ይፈቀዳል። በጠንካራ መያዣ አድርጉትና በትልቁ ሻንጣ ውስጥ በሰያፍ አስተኙት፤ ጫፉን በልብስ ጠቅልሉት፣ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።