«አሳሳቢ ዝርያ» ምንድን ነው?

በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ የመጀመሪያው የኮሮና ክትባት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ፣ አንድ ወሬ ከክትባቱ ቀድሞ ከተማ ገብቶ ነበር፦ «ይህ እኮ ደቡብ አፍሪካ አልፈልግም ብላ የመለሰችው ነው!» ወሬው ፈጠራ አልነበረም፤ ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይዞ ነበር የሚዞረው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት በዚያ ዓመት ዜና ሁሉ ላይ ይደጋገም ከነበረው «አሳሳቢ ዝርያ» ከሚለው ስያሜ መነሣት ያስፈልጋል።

ቫይረስ የሚባዛው የዘር መመሪያውን እየገለበጠ ነው። የኮሮና ቫይረስ መመሪያ 30 ሺሕ ገደማ ፊደላት አሉት። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንድ ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ ቅጂ የሚቀዱ ሁሉ ስሕተቱን ይዘው ይቀጥላሉ፤ አዋቂ ሰውም ስሕተቱን አይቶ የትኛው ብራና ከየትኛው እንደተቀዳ ይናገራል። የዘረመል ተመራማሪዎች ሥራም ይኸው ነው። በአንድ የመተላለፍ ሰንሰለት ላይ በወር በአማካይ ሁለት ያህል ለውጦች ይጠራቀማሉ። አብዛኞቹ የሚጠቅሙትም የሚጎዱትም ነገር የለም። ተመሳሳይ ለውጦችን የያዘ ቤተሰብ ሲበዛ ልውጥ ዝርያ ይባላል፤ እንዲህ ያሉ ዝርያዎች በሺዎች ይቆጠራሉ። ስለዚህ «አዲስ ዝርያ ተገኘ» የሚለው ዜና ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም።

ከእነዚህ መካከል የዓለም ጤና ድርጅት በዚያን ጊዜ «አሳሳቢ» ብሎ ይለይ የነበረው ከሦስት አንዱን በማስረጃ ያሳየውን ነበር፦ ከቀድሞው ይበልጥ በፍጥነት የሚተላለፍ፣ የበለጠ የሚያሳምም፣ ወይም ምርመራን፣ መድኃኒትንና ክትባትን የሚያዳክም። ሦስቱን ሁሉ ማሟላት ግዴታ አልነበረም። ሕዝቡ ግን ስያሜውን ሲሰማ ሦስቱንም በአንድ ላይ ነበር የሚረዳው፤ ብዙው ድንጋጤ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። «ክትባትን የሚያዳክም» የሚለው ደግሞ ከሦስቱ ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ክትባቱ የተዳከመው ምንን በመከላከል ረገድ ነው? ጉንፋን መሰል ሕመምን ወይስ ሞትን? የደቡብ አፍሪካው ታሪክ የተንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በኋላ ቤታ የተባለው ዝርያ በመጀመሪያ የታየው በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ፣ በኔልሰን ማንዴላ ቤይ አካባቢ ነበር። የአገሪቱ ጤና ሚኒስትር ዝወሊ ምኪዜ ግኝቱን ይፋ ያደረጉት ታኅሣሥ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱ ወደ ሰው ሕዋስ ለመግባት በሚጠቀምበት ስፓይክ በተባለው ፕሮቲን ላይ በርካታ ለውጦች ነበሩት። ከእነርሱ አንዱ፣ በ484ኛው ቦታ ላይ ያለው፣ ሰውነት ለመከላከል ያዘጋጀው አንቲቦዲ የተባለ ፕሮቲን ቫይረሱን አጥብቆ እንዳይዝ ያደርጋል። በመጀመሪያው ማዕበል ታመው ከዳኑ ሰዎች የተወሰደ ደም በቤተ ሙከራ ሲፈተን አዲሱን ዝርያ የማምከን ኃይሉ በጣም ቀንሶ ተገኘ።

ክትባቱ የመጣው በዚሁ መሐል ነው። ጥር 24 ቀን ከሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት የተላከ አንድ ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ ጆሃንስበርግ ገባ፤ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ ራሳቸው አውሮፕላን ማረፊያ ሄደው ተቀበሉት። ሳምንት ሳይሞላ፣ ጥር 30 ቀን እሑድ፣ ሚኒስትሩ የክትባት ባለሙያዎችን ይዘው በመግለጫ ቀረቡና ክትባቱን መስጠት ለጊዜው መቆሙን ተናገሩ። ገና አንድ ብልቃጥ አልተከፈተም ነበር።

ምክንያቱ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሻቢር ማድሂ የመሩት ሙከራ ነው። ቁጥሮቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ያ ሁሉ ጫጫታ የተነሣው ከእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ነውና። የተሳተፉት ሁለት ሺሕ ያህል ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ መካከለኛ ዕድሜያቸው 30 ዓመት። ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ የጨው ውሃ ተወጉ። በቤታ የታመሙት ሲቆጠሩ ከተከተቡት 19፣ የጨው ውሃ ከተወጉት 20 ሆኑ። ልዩነቱ የአንድ ሰው ነው። በስሌት ሲቀመጥ የመከላከል አቅሙ 10 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ የስሕተት ወሰኑ ግን ከዜሮ እጅግ በታች ተነሥቶ ከ50 በመቶ በላይ ይደርስ ስለነበር ያ 10 በመቶ ራሱ እርግጠኛ ቁጥር አልነበረም።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር በዜናው ርዕስ ላይ አልወጣም። ከእነዚያ ሕመምተኞች መካከል በጽኑ የታመመም ሆነ ሆስፒታል የተኛ አልነበረም፤ ከተከተቡትም ካልተከተቡትም። ስለዚህ ሙከራው ክትባቱ በወጣቶች ላይ ቀላልና መካከለኛ ሕመምን ከቤታ ይከላከል እንደሆነ ጠይቆ «እምብዛም» የሚል መልስ አገኘ። የ70 ዓመት አዛውንትን ኦክስጅን ከሚያስፈልገው ከባድ ሕመም ይታደግ እንደሆነ ግን ሊመልስ አይችልም ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው በሙከራው ውስጥ አልነበረምና። ማድሂ ራሳቸው ክትባቱ ለከባድ ሕመም ለተጋለጡት መሰጠት አለበት ብለው ተከራክረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድንም መግለጫው በተሰጠ በሦስተኛው ቀን፣ ልውጥ ዝርያዎች ባሉበት አገርም ቢሆን ክትባቱ ጥቅም ላይ እንዲውል መከረ።

ታዲያ ደቡብ አፍሪካ ለምን ተወችው? አማራጭ ስለነበራት ነው። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው ኩባንያ የራሱን ክትባት እዚያው አገር፣ ቤታ በሰፊው በሚዛመትበት ወቅት ሞክሮት ነበር፤ ጥር 21 ቀን ባወጣው ውጤት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከመካከለኛና ከከባድ ሕመም 57 በመቶ መከላከሉን አሳወቀ። የካቲት 10 ቀን ይኸው ክትባት ለጤና ባለሙያዎች መሰጠት ተጀመረ፤ ራማፎሳም በዚያው ቀን ካይሊሻ ሆስፒታል ክንዳቸውን ሰጡ። የአስትራዜኔካው ሚሊዮን ዶዝ በአፍሪካ ኅብረት በኩል ለሌሎች አገሮች ተሸጠ። ውሳኔው ለደቡብ አፍሪካ ምክንያታዊ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ለአህጉሪቱ ግን የተወው ጥላ ከባድ ነበር።

ጥላው እኛም ዘንድ ደርሷል። ኢትዮጵያ ክትባትን ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ በኩል ያገኘችው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ የገባው የካቲት 28 ቀን ነው፤ ክትባቱ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተገኘ ልክ በዓመቱ። አምራቹ ያው ሴረም ኢንስቲትዩት፣ ክትባቱም ያው አስትራዜኔካ። በዚያው ሰሞን በርካታ የአውሮፓ አገሮች አልፎ አልፎ በታየ የደም መርጋት ሰበብ ክትባቱን ለጊዜው አቆሙ። ሁለቱ ጉዳዮች ምንም አይገናኙም፤ አንዱ ስለ ዝርያ፣ ሌላው ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ነው። በየቡና ቤቱ ግን አንድ ላይ ተፈጭተው «አደገኛም ነው፣ አይሠራምም» ሆኑ። ክትባቱን የሚሰጡት ነርሶች ስለ 19 እና ስለ 20 ሕመምተኞች የሚያስረዱበት ጊዜ አልነበራቸውም። የጠየቀውን ሰው አላዋቂ ማለት ደግሞ ተገቢ አልነበረም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የጎደለው ሊመለስ የሚችለውን መልስ ሰብሰብ አድርጎ የሚነግረው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቤታን ራሱን የሚያስረሳ ነው። ግንቦት 3 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት በሕንድ የታየውን ዝርያ በአሳሳቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ አስገባ፤ ግንቦት 23 ቀን ደግሞ ዝርያዎች በተገኙበት አገር ስም መጠራታቸው ቀርቶ በግሪክ ፊደላት እንዲሰየሙ ሲወስን ዴልታ ተባለ። ዴልታ ከክትባት በማምለጥ ቤታን አይወዳደርም፤ በፍጥነት ግን በለጠውና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሳይቀር ተካው። በአስትራዜኔካ ላይ የነበረውም ስሌት ተለወጠ። በእንግሊዝ በተደረገ ጥናት አንድ ዶዝ ብቻ ከዴልታ ሕመም 30 በመቶ ገደማ ሲከላከል፣ ሁለቱን የወሰዱ 67 በመቶ ያህል ተጠብቀዋል፤ ሆስፒታል ከመግባት ደግሞ 92 በመቶ ያህል። ይህ ለአፍሪካ አገሮች መራር ዜና ነበር፤ ምክንያቱም ሕንድ በራሷ ማዕበል ተይዛ ወደ ውጭ መላክን ስለገታች ሁለተኛው ዶዝ የሚመጣበት ቀን አይታወቅም ነበር። በዚያ ክረምት የሚያሳስበው የቫይረሱ ዝርያ ብቻ ሳይሆን የመጋዘኑ ባዶነትም ጭምር ነበር።

ዝርያን ፈልጎ ማግኘትም ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳየው ኦሚክሮን ነው። ቦትስዋናና ደቡብ አፍሪካ ያገኙትን ወዲያው ለዓለም አሳወቁ፤ ኅዳር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. አሳሳቢ ተባለ። ምስጋናው የበረራ እገዳ ሆነ፤ በሰዓታት ውስጥ በርካታ አገሮች ከደቡባዊ አፍሪካ ለሚመጡ ተጓዦች በራቸውን ዘጉ። ከቀናት በኋላ ኔዘርላንድስ ያረጁ ናሙናዎቿን ስትመረምር፣ ደቡብ አፍሪካ ግኝቷን ከማሳወቋ በፊት የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ውስጥ ኦሚክሮን ተገኘ።