«የወሊድ ፈቃድ ሦስት ወር ነው» እና ሌሎች ያስከፈሉን ስህተቶች

የመጀመሪያ ልጄን በ2012 ዓ.ም. ስወልድ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የአስተዳደር ኃላፊው «ፈቃድሽ ሦስት ወር ነው፤ አንዱን ከመውለድሽ በፊት ወስደሻል፣ የቀረሽ ሁለት ነው» አለኝ። አመንኩት። ልጄን በሁለት ወሯ ለእናቴ ትቼ ሥራ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ጡቴ ሲወጣጠር የድሮ ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ከውስጥ እዘጋና በኩባያ አልቤ እደፋው ነበር። ያ ሁሉ ለምን እንደሆነ የገባኝ ሁለተኛውን ሳረግዝ አዋጁን ራሴ ሳነብ ነው። ዛሬ በሌላ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ማኅበር ተመራጭ ነኝ፤ ያኔ የተነገረኝን ነገር አሁንም ከእህቶቼ አፍ እሰማዋለሁ።

«ሦስት ወር ነው»

ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 377 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ግን ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ቀን አሳደገው። በድምሩ 120 ቀን ማለት ነው፤ ያውም ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ኃላፊው የነገረኝ የተሻረውን ሕግ ነበር። ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ፣ የጎደለው 30 ቀን የልጄ ነበር። የመሥሪያ ቤታችሁ የውስጥ ደንብ አሁንም 90 ቀን የሚል ከሆነ ደንቡ ከአዋጁ በታች ሊሰጣችሁ አይችልም። ከአዋጁ በላይ ግን መስጠት ይችላል፤ ስለዚህ የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው ውል፣ ካላችሁ እሱንም አንብቡት።

«ሐኪሙ ያለው ቀን ካለፈ፣ ያለፈው ከ90ው ይቀነሳል»

አይቀነስም። 90ው የሚቆጠረው ከወለድሽበት ቀን ጀምሮ ነው። 30ው ቀን አልቆ ምጥ ካልመጣ እስክትወልጂ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ አለሽ፤ እሱም ይከፈልበታል። ነገር ግን ይህ በሐኪም ማስረጃ የሚሄድ ስለሆነ፣ ቀኑ ሲያልፍ ዝም ብለሽ ቤት አትቀመጪ፤ አዲስ ወረቀት አጽፈሽ በሰው ላኪ። ቀድመሽ ከወለድሽም 90ው ያኔውኑ ይጀምራል።

«ለእርግዝና ክትትል የሄድሽበት ቀን ከዓመት ፈቃድ ይያዛል»

ይህም ስህተት ነው። ለምርመራ የምትሄጂበት ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው፤ ከምርመራው በኋላ ግን የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለብሽ። ካርድሽን ብቻ ይዘሽ አትመለሺ።

«የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ሠራተኛ አይመለከታትም»

አዋጁ ለወሊድ ፈቃድ ይህን ያህል ጊዜ ማገልገል አለባት የሚል መስፈርት አላስቀመጠም።

«አባትን የሚመለከት ነገር የለም»

አለ። ወንዱ ሠራተኛ 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያገኛል። ትንሽ ነው፤ ሚስቱ በቀዶ ሕክምና ለወለደች ሰው ሆስፒታል ውስጥ ያልቃል። ቢሆንም ብዙ ወንዶች እንዳለ እንኳ ስለማያውቁ አለቃቸውን እየተለማመጡ ከዓመት ፈቃዳቸው ያስቆርጣሉ። ወንድሞቼ፣ ልምምጥ አያስፈልግም፤ በጽሑፍ ጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ የሚተዳደሩት በራሳቸው አዋጅ ስለሆነ የእናንተን ከዚያው ተመልከቱ።

«በቃል ከተስማማን ይበቃል»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አለቃሽ ደግ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ግን ተዛውሮ ሌላ ሊመጣ ይችላል። ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። ስምሽን፣ የሥራ መደብሽን፣ ሐኪም የገመተውን የመውለጃ ቀን፣ ፈቃዱ የሚጀምርበትን ቀን ጻፊና የሐኪሙን ማስረጃ አያይዢ። «እንዲተባበሩኝ በትሕትና እለምናለሁ» የሚለውን ትተሽ «በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 88 መሠረት» በይ። በሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱን መዝገብ ቤት ትሰጪያለሽ፣ በሌላው ላይ ቀንና ፊርማ ወይም ማኅተም አስደርገሽ ቤትሽ ታስቀምጫለሽ። ስትወልጂም ልጁ የተወለደበትን ቀን የሚያሳየውን የሆስፒታል ወረቀት እንዲሁ አስገቢ።

«ከወለድኩ በኋላ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ»

በእርግዝና ላይ ሳለሽና ከወለድሽ በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ አሠሪው ውልሽን ማቋረጥ አይችልም። ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ያልተያያዘ፣ ሕጉ የሚያውቀው ከባድ ጥፋት የመሳሰለ ምክንያት ሲኖር ግን ይህ ጥበቃ አይሠራም። ጊዜውን ልብ በይ፤ ያለአግባብ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይልሽም። አራስ ቤት ያለች ሴት ሳታስበው ያልፍባታል፤ እኔም አልፎብኛል።

«ሕጉ ለሁሉም ሠራተኛ ነው»

ቢሆን ደስ ባለኝ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም፤ ማናጀር የሆናችሁ የቅጥር ውላችሁን ስትፈርሙ የወሊድ ፈቃዱን እዚያው አስጽፉ። የቤት ሠራተኞችንም አይሸፍንም። እኔ ቢሮ ገብቼ ስለ 120 ቀን እንድከራከር ልጄን ይዛልኝ የዋለችው ልጅ፣ ነገ እሷ ስታረግዝ ይህን አዋጅ ጠቅሳ የምትጽፈው ማመልከቻ የላትም።