ካንትሪ ኬኒ ሮጀርስ ብቻ አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ሲነሳ ለብዙዎቻችን የሚመጡልን ሦስት አራት ድምፆች ናቸው። ኬኒ ሮጀርስ፣ ዶሊ ፓርተን፣ ጂም ሪቭስ፣ ሲጨመር ደግሞ ዶን ዊሊያምስ። ካሴታቸውን በእስክርቢቶ እያጠነጠንን ስላደግን አንክዳቸውም። ግን እነሱ የቤቱ ሳሎን ናቸው። እኔ ወደ ጓዳው የገባሁት በአንድ ጥያቄ ነው። አንድ ዘፋኝ በወደድኩ ቁጥር «ይህን ሰው ማን አስተማረው?» እላለሁ። ይህቺ ጥያቄ ስለ ካንትሪ የማውቀውን ብዙ ነገር አፈረሰችብኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ካንትሪ የነጮች ሙዚቃ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የካንትሪ ዋነኛ ባለክር መሣሪያ ከሆነው ከባንጆ እንጀምር። የባንጆ ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። በካሪቢያንና በሰሜን አሜሪካ ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው የሠሩት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። ዛሬም ሴኔጋልና ጋምቢያ ውስጥ የጆላ ሰዎች አኮንቲንግ የሚባል መሣሪያ ይጫወታሉ። ቅል አለው፣ ቆዳ አለው፣ እንደ ባንጆ አንዷ ክሩ አጭር ናት።

ወደ ሰዎቹ ስመጣ ጥያቄዬ ደጋግሞ አንድ ደጃፍ ያደርሰኛል። ታላቁን የካንትሪ ዘፋኝ ሀንክ ዊሊያምስን ማን አስተማረው? አላባማ ውስጥ ጎዳና ላይ ይጫወት የነበረ ሩፈስ ፔይን የሚባል ጥቁር ሰው። ብሉግራስ ለሚባለው የካንትሪ ዘር አባት ነው የሚባለው ቢል ሞንሮ በልጅነቱ ማንን ያዳምጥ ነበር? አርኖልድ ሹልትስ የሚባል ጥቁር ጊታሪስት። የካርተር ቤተሰብ የሚባለው የዘፋኞች ቡድንስ? ኤ.ፒ. ካርተር በየመንደሩ ዘፈን ሊለቅም ሲዞር ሌስሊ ሪድል የሚባል ጥቁር ሙዚቀኛ አብሮት ይሄድ ነበር። ካርተር ግጥሙን ይጽፋል፤ ሪድል ዜማውን በጭንቅላቱ ይዞ ይመለሳል።  መቅረጸ ድምፁ እሱ ነበር ማለት ነው።

አንዱ ግን ከጀርባ አልነበረም። የካንትሪ ዋና ከተማ በምትባለው ናሽቪል ይተላለፍ የነበረው የሬዲዮ ዝግጅት በ1927 «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የሚለውን ስም ባገኘበት ምሽት ሃርሞኒካ የነፋው ዲፎርድ ቤይሊ ነው። የባቡር ድምፅ በሃርሞኒካ ሲያወጣ ሐዲዱ ሳሎንህ ውስጥ ያለ ይመስላል። ከነጮቹ ጋር እየዞረ ያዝናናል፤ ሲመሽ እነሱ የሚያድሩበት ሆቴል አያስገባውም። በ1941 ከዝግጅቱ ተባረረ። ከዚያ በኋላ ናሽቪል ውስጥ ሊስትሮ ቤት ከፍቶ ኖረ። የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ የተቀበለው በ2005 ነው፤ ከሞተ 23 ዓመት አልፎት።

«የተወለደው ናሽቪል ነው»

ናሽቪል ገበያው ነው እንጂ የትውልድ ቦታው አይደለም። በ1927 ክረምት ራልፍ ፒር የተባለ የሸክላ አሳታሚ፣ ቴነሲና ቨርጂኒያ ዋና መንገዷን ለሁለት በሚካፈሏት ብሪስቶል ከተማ፣ ባርኔጣ ይሸጥበት የነበረ ሕንፃ ውስጥ መቅጃውን ዘረጋ። የካርተር ቤተሰብና ዘፋኙ ጂሚ ሮጀርስ የመጀመሪያ ሸክላቸውን የቀዱት እዚያ ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ አትላንታ ላይ ቫዮሊን ተጫዋቹ ፊድሊን ጆን ካርሰን ተቀድቷል። ይሄ ብዙም የሚያከራክር አይደለም።

«ብሉግራስ ጥንታዊ የገጠር ሙዚቃ ነው»

አይደለም። የምናውቀውን መልክ የያዘው በ1945 መጨረሻ፣ ኧርል ስክራግስ በሦስት ጣት የሚለቅመውን ባንጆ ይዞ ወደ ቢል ሞንሮ ባንድ ሲገባ ነው። ሬዲዮና መድረክ ያሳደገው የባለሙያዎች ሙዚቃ ነው፤ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ሶሎ ይወጣል። የቆየውን የፈለገ «ኦልድ ታይም» ብሎ ይፈልግ። እዚያ ሁሉም አንዱን ዜማ አብረው ይደጋግሙታል፤ ዋናው ጭፈራው ነው። መጀመሪያ ስትሰማው ይሰለቻል፣ አልዋሽም። አምስተኛው ዙር ላይ እግርህ ራሱ መምታት ይጀምራል።

ለዚህ ካሮላይና ቾክሌት ድሮፕስ የሚባለውን ባንድ ስሙ። ሦስት ጥቁር ወጣቶች ነበሩ። ሰሜን ካሮላይና ድረስ፣ ጆ ቶምሰን የሚባል ሽማግሌ ቫዮሊን ተጫዋች ቤት እየተመላለሱ ተማሩና በ2011 ግራሚ ወሰዱ። ከሦስቱ አንዷ ሪያነን ጊደንስ ናት። በ2024 በዓለም ላይ የናኘው የቢዮንሴ የካንትሪ ዘፈን ላይ ያለው ባንጆ የእሷ ነው።

«እንግሊዝኛ ካልቻልክ አይገባህም»

ደቡብ ሉዊዚያና ውስጥ በፈረንሳይኛ ይዘፈናል። አሜዴ አርዷን ጥቁር አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። በ1929 ከነጩ ቫዮሊን ተጫዋች ከዴኒስ ማክጊ ጋር ሸክላ ቀዳ፤ በዚያ ዘመን ደቡብ ውስጥ! ድምፁ ቀጭን ነው፣ የሚያለቅስ ይመስላል። አንድ ጭፈራ ላይ ላቡን እንዲጠርግ የነጭ ሴት መሐረብ በመቀበሉ ተደብድቦ ከዚያ በኋላ ጤና እንዳጣ ይነገራል። በ1942 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። አንድም ቃሉን አልሰማም፤ ግን የሙሾ ቃና ለሚያውቅ ጆሮ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

«የሚጫወቱት ያልተማሩ የተራራ ሰዎች ናቸው»

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ሐበሾች ይቺን ልብ በሉ። ሰልደም ሲን የተባለው የብሉግራስ ባንድ በ1971 እዚያው ቤተዝዳ፣ ሜሪላንድ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ የሒሳብ ሰው፣ አንዱ የካርታ ባለሙያ ነበሩ። ለዓመታት በየሐሙሱ በርችሚር በሚባለው፣ ዛሬ አሌክሳንድሪያ ባለው የሙዚቃ ቤት ይጫወቱ ነበር። ከክትፎ ቤቶቻችሁ ሩቅ አይደለም።

«ያልታወቀው ጎበዝ ስላልሆነ ነው»

ኤልዛቤት ኮተን ግራኝ ናት። የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጣ ይዛ፣ ቤዙን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር። ማንም አላስተማራትም፤ ጥያቄዬ እሷ ጋ ሲደርስ መልስ ያጣል። የዋሽንግተን አካባቢዎቹ የሲገር ሙዚቀኛ ቤተሰብ የቤት ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን የቤቱን ጊታር ስትጫወት ሰሟት። የመጀመሪያ ሸክላዋ በ1958 ሲወጣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ግራሚ ያገኘችው በ1985 ነው። ችሎታው መቼም በእነዚያ ዓመታት መሃል አልተፈጠረም።

«ማግኘቱ ይከብዳል»

የኮተንን ሸክላ ያወጣው በ1948 የተቋቋመው ፎክዌይስ የሚባል የሸክላ አሳታሚ ነው። ሥራዎቹን ከገበያ አያወጣም፤ ቢሸጡም ባይሸጡም። ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም በ1987 ሲረከበውም በዚሁ ስምምነት ነው። ዝርዝሩን ኢንተርኔት ላይ ስትጎረጉሩ አንዱ ወደ ሌላው ይመራችኋል። ከኢትዮጵያ የተቀዱ ባህላዊ ዘፈኖችም እዚያው አሉ። እኔ ኮተንን ፍለጋ ገብቼ በዚያው ሀገሬ ገባሁ።